ሰባት ፍሬም

ሳይነጋ፣ ከማገዶው ቤት፣ በፋኖስ ብርሃን
ሁለቱን መቅረጫ ጎን ለጎን አስጠጋን።
ቀጭን ገመድ ሰካሁ ከኔው ወደ እሱ፣
የኔው ሰዓት ፈሶ እንዲሞላ ኪሱ።
ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ፣ በሰከንዱም ሆድ
ሃያ አምስት ፍሬም፤ ይኸው ነው ታይምኮድ።
ጥጃ እንደሚጠባ ጠጣ፣ ጠጣና
ቁጥሩ ከቁጥሬ ጋር እኩል ሆነና
ገመዱን ነቀልኩት።
እትብት ሲቆረጥ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፣
አልኩ በልቤ። ለኡርሆ ግን አልነገርኩም።

መንታ ነን። እሱ በአሥራ አንድ ደቂቃ ይቀድመኛል፤
ስድሳ ሁለት ዓመት ይህንኑ ይነግረኛል።
ይነግረኝ ነበር፣ ልበል።
የአባታችንን ጀልባ ሳያማክረኝ ሸጠ፤
ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ሦስቴ ረግቶ ሦስቴ ቀለጠ።
የኩርኪያርቪን በረዶ ግን እንደ እሱ የሚያውቅ የለም፣
የቱ ጋ ይሸከማል፣ የቱ ጋ አይታመንም።
ስለዚህ ቀጠርኩት፣ በቀን ሂሳብ፣ በደረሰኝ፤
«እሺ» የምትል ቃል በስልክ ጽፎ መለሰልኝ።

የመጣነው ለአንድ ድምፅ ነው።
ማምሻውን ብርዱ ሲጠና በረዶው ይሰነጠቃል፣
ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር እያፏጨ ይሮጣል።
አንድ ጆሮ ሩጫውን አይነግርህም፤
ሁለት ጆሮ ይፈልጋል፣
በመካከላቸው ሁለት ኪሎ ሜትር።
ጭብጨባ? አይሆነንም። እዚህ ባጨበጭብ
እዚያ የሚደርሰው ከስድስት ሰከንድ በኋላ ነው፣
መልእክተኛው መንገድ ላይ እንዳደረበት ደብዳቤ።
እናም እያንዳንዱ ሰዓቱን በሆዱ ይዞ ይሄዳል፣
ማንም ማንንም ሳይጠራ አንድ ቁጥር ይቆጥራል።

ኡርሆ መቅረጫውን በሸርተቴው ጭኖ ሄደ፣
እያነሰ፣ እያነሰ፣ ነጥብ እስኪሆን ነጎደ።
ጓንቱን በርሜሉ ላይ ረስቶታል።
አየሁ። አልጠራሁትም።

ስምንት ሰዓት ሙሉ ቁጥሩ ሮጠ።
በሩቁ ዳርቻ፣ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት፣
በአሮጌው መቅረጫ ሆድ ያለችው ክሪስታል
እንደ ሽማግሌ ጉልበት ትንሽ ቀስ አለች፤
ማንም ልብ አላላት።

ማታ ሁለቱን ድምፅ ኮምፒውተሩ ላይ አነጠፍኩ፣
አንዱን ከአንዱ በላይ፣ እንደ ተደራራቢ አልጋ።
ቁጥሩ ራሱ አገናኛቸው።
ስንጥቁ መጣ፤ ከግራ ጆሮዬ ገብቶ፣
በጭንቅላቴ መሀል አልፎ፣ በቀኝ ወጣ።
ሥራው ይኸው ነበር። ዘግቼ መተኛት እችል ነበር።

15:42:08 ላይ ግን፣ ከስንጥቁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣
በእሱ መስመር ሳል። ቀጥሎ ድምፁ፣
የሚሰማው እንደሌለ ሰው፦
«ሄልካ፣ በርዶሽ ይሆን?»
ትንሽ ዝምታ።
ከዚያ በእኔ መስመር፣ ማይክራፎኑን የረሳች ሴት፦
«ጓንት እንኳ አልያዘም እኮ፣ ይህ ደረቅ!
ጣቱን ሊያጣ ነው።»

እሱ አልሰማኝም። እኔ አልሰማሁትም።
ነፋስ እንኳ አላደረሰልንም።
ያነጋገረን ቁጥሩ ነው።

መቅረጫዎቹን መልሼ በገመድ ሳያይዝ ልዩነቱ ታየ፦
የእሱ በሰባት ፍሬም ወደ ኋላ ቀርቷል፣
ከአንድ ጥቅሻ ያልበለጠ።
ባቃናው፣ ያ ዝምታ ይጠፋል፤
ጥያቄው ወደፊት ተገፍቶ ከመልሴ ላይ ይወድቃል፣
እኩል እንናገራለን፣ እንደ ልማዳችን፣
ማንም ማንንም ሳያስጨርስ።
ባልነካው ግን እሱ ይጠይቃል፣
ይጠብቃል፣
እኔ እመልሳለሁ።

ስንጥቁን አቃናሁት፤ የሰው ገንዘብ ተቀብያለሁ።
ያችን ጥያቄ ለብቻ ቆርጬ
እንደተዛባች አስቀመጥኳት።

ኡርሆ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ፣
ለሳውናው ማገዶ ታቅፎ፣ ጣቶቹ ቀልተው።
«ሰዓቱ ገጠመ?» አለኝ።
ወዲያው አልመለስኩለትም።
ጓንቱን ከምድጃው በላይ አንሥቼ፣ ደርቆ እንደሆነ ዳሰስኩና
«የአንተው ትንሽ ይዘገያል» አልኩት።
«የኔ?» አለ ማገዶውን እያወረደ፣
«እኔ እኮ ነኝ ቀዳሚው። በአሥራ አንድ ደቂቃ።»