ያልተቀደደ ላይ

ፔንሪን ላይ፣ ከወንዙ አፍ፣ ከጀልባ ቤቱ ጣራ ሥር፣
ሰፊ የጣውላ ወለል፣ ሸራ የሚዘረጋበት ነበር።
አክስቴ ታምሲን ናንካሮ፣ ጉልበቷን ወለሉ ላይ ተክላ፣
መርፌ በመዳፍ ቆዳ ገፍታ፣ በማዶ በጥርሷ ነቅላ
ትሰፋለች።
እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ሥራዬ ክር ሰም መቀባት፣
ሥራዬ ዝም ማለት፣ መብራቱን ማቅረብ ሲመሽባት።

ያን ዓመት ጋዜጦች ሁሉ አንድ ወሬ ነበራቸው፦
ወደብ ሳይነካ፣ ብቻውን፣ ዓለምን የሚዞር ሰው።
ወርቅ አለው ተባለ፣ ቀድሞ ለገባ ዋንጫ፤
ፈረስ የሌለው፣ ተመልካች የሌለው ሩጫ።

ሰባት ሰዎች ተነሡ። አንዱ ጡረታ የወጣ መርከበኛ፣
አንዱ የባንክ ጸሐፊ፣ ማዕበልን በመጽሐፍ የሚያውቅ ቀልደኛ፣
አንዱም ሆሴያ ፔንጌሊ፣ የሰፈራችን ወተት አዳይ፣
ጋሪውን ሸጦ ጀልባ የገዛ፣ ከንፋስ በቀር ዘመድ የሌለው መሳይ።

ስናሰናዳው ከረምን።
ከቆርቆሮዎቹ ወረቀቱን ልጠን፣ በቀለም ምልክት አደረግን፦
ቀይ ነጥብ ሥጋ፣ ሰማያዊ ባቄላ፣
ውሃ ወረቀቱን አጥቦ፣ እራቱ እንቆቅልሽ እንዳይሆን በኋላ።
አራት መቶ እንቁላል፣ አንድ በአንድ በቫዝሊን አሽተን፣
በመጋዝ ብናኝ ውስጥ፣ እንደ ሕፃን አስተኛን።
ሸራው ግን የአክስቴ ነበር፣ ስፌቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤
ዋጋውን «ስመለስ» አላት፣ ተስማሙ በዱቤ እንዲጻፍ።

በሰኔ ወጣ፣ ሕዝቡ ከድልድዩ ጫፍ መሐረብ ሲያውለበልብ፤
እሱ ቀና ብሎም አላየ፣ የተጠላለፈ ገመድ ሲፈታ፣ ሲሰበስብ።

ከዚያ ዝምታ።
ሬዲዮው ከኬፕ ታውን ማዶ ታፈነ፣ ባትሪው ጨው ጠጥቶ፤
መጠጥ ቤቱ ግድግዳ፣ ካርታው ላይ፣ ስፒሉ ቀረ ተረስቶ።
አንዱ ምሰሶው ተሰብሮ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤
ሁለቱ ተዉት በፈቃዳቸው፤ የጸሐፊው ጀልባ
ባዶዋን ተገኘች፣ ኩባያዋ ከመስቀያው ሳይላቀቅ፤
ሰውየው የት? ከባሕር በቀር ማንም አያውቅ።
በጥር የታዝማኒያ ዓሣ አጥማጆች «ቀይ ሸራ አየን በጭጋግ» አሉ፤
«ስፌቱ ስንት ረድፍ ነው?» አለች አክስቴ፤ ሳቁባት ሰዎች ሁሉ።

ወርቁን በሚያዝያ ሌላ ሰው ወሰደ፣ በርችት በሙዚቃ።
ፔንጌሊ የገባው በሰኔ፣ ማክሰኞ፣ ያ ሁሉ ወሬ ሲያበቃ።
ተቀባዩ አንድ ውሻ ነበር፣ ዣንጥላው የተገለበጠ የጉምሩክ ሹም፣
እና እኔ። ሌላ ማንም።
ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባላል፤ ቤቱን ግን ሸጦት ነበር፤
ሸራውን ተሸክሞ መጣ፣ ቆመ ከደረጃችን ሥር።

ዘረጋችው ወለሉ ላይ። አነበበችው በጣቷ።
ደብዳቤ ብዙ አትወድም፤ ስፌት ነበር ንባቧ።
«እዚህ ጣትህ በርዶ ነበር፤» የመርፌው እርምጃ ሰፊ፣ ጠማማ።
«እዚህ በዳበሳ ነው፣» አለች፣ «መብራት አጥተህ፣ በጨለማ።»
«እዚህ ተቆጥተሃል።» ክሩ ጨርቁን አንቆ ይዞታል።
እሱ ራሱን ነቀነቀ። ስፌት መች ያስዋሻል?

ከዚያ ከሸራው መሀል፣ ከየትኛውም ቀዳዳ ርቆ፣
አንድ ረድፍ አገኘች፤ እኩል፣ ትንንሽ፣ ደቆ፣
ክንድ ከስንዝር የሚሆን፣ ከሷም ስፌት የጠራ፣
ምንም የማይጠግን፣ ምንም የማይሠራ።
«ይሄ አልተቀደደም፣» አለች። «ለምን ሰፋህ?»

ዝናቡን ሰማን። ከታች የጀልባ ሆድ ሲፋቅ ሰማን።
«ንፋስ አልነበረም፣» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ቀን።
ባሕሩ እንደ ረጋ ወተት። ድምፄን ረስቼው ነበር።
ያኔ የተቀደደው ሸራው አልነበር።»

አክስቴ የቀረውን ሁሉ ፈታ፣ ሰፋችው እንደገና።
ያን ረድፍ ዘለለችው፣ መብራቱን ወዲያ አዙሪው አለችና።
ሰሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ጣቴ ላይ ሽታው ነበረ፤
ወርቁ የት እንደተቀመጠ፣ ማንም አልጠየቀም፣ በዚያው ቀረ።

ማታ ዱቤውን ስትደምር፣ ቀነሰች ክንድ ከስንዝር።
ምክንያቱ በሚጻፍበት በኩል፣ ምንም አልጻፈችም ነበር።