ፓፓጋሎ

ጠብታዋ ናት ያመጣችው ይህን ሁሉ ጣጣ።
በየአራት ሰከንዱ ከሩቢኔቶው ጫፍ ስትወጣ፣
ሸጊቱ እንቅልፍ አጣች፤ እኔም አብሬያት አጣሁ።
ሸምሱን አስጠራነው። "ስምንት መቶ ብር" አለ፤ ሳቅሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው፣
ለአንዲት ቀለበት ጎማ ስምንት መቶ ልከስክሰው?

ፍራንኮ ወርጄ ገዛሁ ጎማና ቴፍሎን፤
የቀረኝ መፍቻ ነው፤ ጠየቅሁ ጎረቤቴን።
ጋሽ ሂርጳ ከአልጋው ሥር፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣
አወጣልኝ የምድር ባቡር ዘመን ፓፓጋሎ።
"ተጠንቀቅ" አለኝ፣ "ይቺ ወፍ ክፉ ናት፤
ከነከሰች አትለቅም፤ ቀስ ብለህ ያዛት።"

ውሃ ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ነበር።
አዳማ አቧራዋን ታዞራለች፤ ነፋሷ ከበር
ባዶ ጀሪካናችንን ታንከባልላለች።
ፈታሁ፣ ጎማ ቀየርኩ፣ ቴፍሎን ጠመጠምኩኝ፤
ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ፣ አጠበቅኩ፣ ደገምኩኝ፤
በቃ ማለት ሲገባኝ፣ አንድ ዙር ጨመርኩኝ።

ቀጭ።

ከግድግዳው ውስጥ ነው። እኔ አልሰማሁም።
ሸጊቱ ሰማች፤ የሷ ጆሮ አይስትም፦
"ምንድነው የጮኸው?" "ብረት ነዋ" አልኳት፤
"ብረት ከብረት ሲስማማ እንዲህ ነው" ብዬ አስረዳኋት።

ጠብታዋም ቆመች።
(ውሃ በሌለበት ጠብታ ከየት ትምጣ?
ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ፈተና ባወጣ፣
አንድም ልጅ አይስተውም።)
እኔ ግን ሦስት ቀን፣ ደረቴን ነፍቼ፣
ለሰፈሩ ሁሉ ስምንት መቶዬን አውርቼ…

በዘጠነኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣
ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ሲስል ተሰማ።
አየር ተፋ። ጸጥ አለ።
ከዚያ ሩቢኔቶው በረረ፤ ኮርኒሱን በሳው፤
ታስሮ እንደተፈታ ኮርማ፣ ውሃው ያገኘውን ወጋው።
በውስጥ ሱሪ ሮጬ ሳራቺኔስካውን ያዝኩት፤
ዝገት የበላው እጀታ ነው፤ እንደ ዳቦ ቆረስኩት።

ሸጊቱስ? ምን ታድርግ። በሩን ወለል አድርጋ፣
"ውሃ መጥቷል!" ብላ ጮኸች፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።
መጡ። በፒጃማ፣ በነጠላ ጫማ፣ በባዶ እግራቸው፣
ጀሪካን፣ ድስት፣ የሕፃን ገንዳ፣ ያገኙት ዕቃቸው።
የጋሽ ሂርጳ ልጅ ሌንሳ፣ ባልዲ ደቅና ከመኝታዬ ደጃፍ፣
ተራ ታስከብራለች፣ ሰልፉ እንዳይዛነፍ።
"ዕድሜ ይስጥህ ጋሼ" እያሉ መረቁኝ፤
ቤቴ ስለፈረሰ፣ ተራ በተራ አመሰገኑኝ።

ጎህ ሲቀድ ሸምሱ መጣ። ውጭ፣ ከቆጣሪው ዘንድ፣
ጎንበስ ብሎ ግማሽ ዙር አዞረ፤ ቆመ ያ ጉድ።
"ኧረ ትንሽ ቆይ!" አለ ሰልፉ።
ገባና ግድግዳውን ዳበሰ፦
"ይሄ ከተሰነጠቀ ሰንብቷል። ያኔ ድምፅ አልሰማችሁም?"
እኔ የተበሳውን ኮርኒስ አየሁ፤ ምንም አላልኩም።
ሸጊቱ ናት፣ ቀሚሷን እየጨመቀች፣
በኔው ድምፅ፣ በኔው የአስተማሪ ጉሮሮ የመለሰች፦
"ብረት ከብረት ሲስማማ እንዲህ ነው።"

ፓፓጋሎዋን ለጋሽ ሂርጳ በጨርቋ ጠቅልዬ መለስኩ።
ለሸምሱ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ፣ ሳልስቅ፣ ቆጠርኩ።
ሌላይቱ ግን እቤት ናት፤ ነክሳ አለቀቀችኝም።
ሌሊት ለሽንት ስነሳ፣ ጉልበቴ ቀጭ ሲል፣
ከትራሷ ቀና እንኳ ሳትል፦
"ሲስማማ ነው።"