የጣት ልክ

በትሪዬስቴ ከተማ ንፋሱ ስም አለው፤
ቦራ ነው የሚሉት፣ ከተራራ ወርዶ ባሕሩን የሚገፋው።
ሽማግሌ እንዳይጥል በየጥጋጥጉ ገመድ ይወጠራል፤
ሰው ገመዱን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ቤቱ ይገባል።

እኛ ከኮረብታው፣ ከሳንባ ክፍል ውስጥ፣
መስኮቱ ሲያፏጭብን፣ በሩ ሲንቀጠቀጥ፣
አየር እንሰፍራለን።
ያ ውጭ በነጻ ጣራ የሚገነጥል፣
እዚህ በቀጭን ቱቦ፣ በሊትር ሲታደል።

ሴሪኝ የመጣ ሌሊት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።
የወደብ ሠራተኛ፣ ቁመቱ ከአልጋው የተረፈ፣
እግሩን በወንበር ላይ ያሳረፈ።
አመልካች ጣቱ ላይ መለኪያውን ሰካሁ፤
ከጥፍሩ ሥር ቀይ መብራት ሲበራ አየሁ።
ዘጠና አምስት።
«አየር አነሰኝ» አለ፣ በተሰባበረ ጣልያንኛ።
«ዘጠና አምስት ነው፤ ደህና ነህ፤ ተኛ።»
ደግሞ ጠራኝ። ደግሞ ሄድኩ። ደግሞ ዘጠና አምስት።
ሰውየው አንድ ነገር ይላል፣ መሣሪያው ሌላ ነገር፤
እኔ ከሁለቱ ያመንኩት መብራት ያለውን ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ድዱ አመድ መሰለ።
ዶክተር ኦርኔላ ከእጁ አንጓ፣ ከሚዘለው ደም ሥር ደም ቀዳች፤
ወረቀቱን አየች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አልተናገረች።
ሰማንያ ሁለት።

አንዲት ቃል ናት በአፋችን፣ ሁለት ሥራ የደረበች፦
ልክ ማለት መጠን፣ ልክ ማለት እውነት።
ያን ሌሊት ለካሁ እንጂ
ልክ አልነበርኩም።
ለካ (ይህቺም የዚያችው ዘመድ ናት፣ ዘግይታ የምትመጣ)
ለካ ቀዩ መብራት የለካው ደሙን ብቻ አልነበረም፤
ቆዳውንም አብሮ ቆጥሮ ኖሯል።

ዝድራቭኮ፣ ቀዳጁ ሐኪም፣ በሁለት ጣቱ አንገቱን ዳሰሰ፤
እንደ ዋሽንት ሠሪ፣ ለቀዳዳ የሚሆን ቦታ አሰሰ።
ስንዝር አይሞላም፣ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው፤
ትንፋሽ በዋናው በር አልገባ ሲል፣ በጓሮ አስገባው።

ስድስት ሳምንት ድምፅ አልነበረውም። ሰሌዳ ሰጠነው።
መጀመሪያ የጻፈው፣ በትልልቅ ፊደል፦
«ነግሬሽ ነበር።»

በጸደይ ጥናቱ ሲጀመር፣ ፈቃደኛ ሲፈለግ፣ እጄን አወጣሁ።
ጭንብል አጥልቀው ኦክስጅኑን እየቀነሱ፣
ከአልጋ ሳልነሣ ተራራ አወጡኝ።
በአንድ እጄ መለኪያ፣ በሌላው መርፌ።
ከጎኔ ፊያሜታ፣ ወተት የመሰለች ተማሪ፤
የእሷ ቁጥርና ደም እንደ ጥንድ በሬ እኩል ይሄዳሉ፤
የእኔዎቹ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ቀርቶ፣ ቀንበሩን ያጣምማሉ።
መሣሪያው ዘጠና አንድ ሲል ደሜ ሰማንያ ስድስት።
አምስቷን ነጥብ ቀመስኳት፦ ጆሮዬ ጮኸ፣
የጣራው መብራት ጠበበ፣ የእናቴን ስም ረሳሁ።
ኦርኔላ አጠገቤ ቆማለች፤ እጇ በቧንቧው መክፈቻ ላይ ነው።
የሴሪኝ አሥራ ሦስት ነበረች።
ሌሊቱን ሙሉ። ብቻውን።

አሁን በጥናቱ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ነጥብ ነኝ፣
ከመስመሩ በታች፣ በቀኝ በኩል፤ ማን እንደሆነች የሚያውቃት የለም።

በኅዳር ለምርመራ መጣ። ቦራ ኮቱን ገልብጦበት፣
ዓይኑ አልቅሶ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ፣ ከሻርፑ ሥር ያቺው ቀዳዳ።
እንደ ልማዴ መለኪያውን ከኪሴ አወጣሁ፤
እሱ ጣቱን አነሣ፣ ያንኑ ጣት፣
ወደ እኔ ግን አልዘረጋውም።
ሻርፑን ገለጥ አድርጎ ቀዳዳውን ደፈነበት፤
ድምፅ መጣ፣ ሻካራ፣ የሰነበተ በር ሲከፈት የሚመስል።
«ዛሬስ ስንት ይላል?»
መሣሪያውን ኪሴ መለስኩት፤ ወንበር ሳብኩ።
«አንተ ንገረኝ» አልኩት።
አሰበ። ጣቱን አንሥቶ ተነፈሰ፣ መልሶ ደፈነ።
«ገመዱ» አለ፣ «ከፖስታ ቤቱ ጥግ ያለው፣
ላልቷል። ለሚመለከተው ንገሩ።»