ቁርጥ

አስተማሪ እንድሆን ነበር የቤቱ ሁሉ ሐሳብ፤
ወደቅሁ። ሁለት ዓመት፣ ሁለቴም በሒሳብ።
እናቴ ምንም አላለች፤ ካፖርቷን ደርባ አስከተለችኝ፣
ዶን ኤሌውቴሪዮ ሥጋ ቤት፣ ከሚዛኑ ፊት አቆመችኝ።
"ጉልበት አላት" አለች። በዚች አንድ ቃል ሸጠችኝ።

ሐምሌ ነው፤ ዱራስኖ ከተማ የውርጭ ወር፣
ከዪ ወንዝ ጭጋግ ወጥቶ በየደጁ የሚያድር።
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት በሩ ጋ ስደርስ፣
ሽማግሌው ቀድሞኛል፣ በእግሩ ሰጋቱራ ሲያለብስ።
"ቢላዋስ?" አልኩት። "ቢላዋማ ገና ነው፣ ልጄ፤
መጥረጊያው ያውልሽ።" መጥረጊያው ሆነ ወዳጄ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ መንጠቆ በፈላ ውኃ ስቀቅል፣
የመክተፊያውን ግንድ በጨው ስፈትግ፣ ወገቤ እስኪቃጠል።
የሰው ልጅ ሞራ ሞራ ይሸታል ወይ? እኔ ሸተትኩኝ፤
የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ማታ ማታ እስከ ቤት ሸኘኝ።

በአራተኛው ቢላዋና ሞረድ። ሥጋ ግን የለም።
"ድምፁን ስሚ" አለኝ፣ "በደንብ የተሳለ አይጮህም።"
እናቴ ለፈተናዬ ተስላ ነበር፣ ለእመቤታችን፣ ሻማ በቁመቴ፤
ያ ስለት አልሰመረም። ይኼኛውን እኔው ስየው ሰመረ፤
ምስክሬ አውራ ጣቴ።

ሐሙስ ሥጋው መጣ። ግማሽ ላም፣ ቀዝቃዛ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፤
ጠረኑ እንደ ዝናብ የመታው ብረት። ጉልበቴ ሲቀልጥ፣
(ያ የተሸጥኩበት ጉልበት!) ሽማግሌው በአገጩ እያሳየኝ፣
"ወርች። ፍርምባ። ጎድን። ዳቢት። ሽንጥ። ታላቅ። ታናሽ" አስቆጠረኝ።
በሒሳብ የወደቅሁት ልጅ አንድም ሳልስት ደገምኩለት፤
ይኼ ቁጥር ሥጋ አለው፤ ይኼ ቁጥር አጥንት አለበት።

"አትቁረጪ" አለኝ። "ምን አደረገችሽ? ላሟን አትበቀዪ፤
በጣትሽ ዳብሰሽ አጥንትና አጥንት የሚለያዩበትን ደጅ እዪ።"
ዳበስኩ። ደጅ የለም። ገፋሁ። ጭቅናውን ሰነጠቅሁት፣
የእሑድ ሰው የሚጠብቀውን ብልት እንደ አሮጌ ጨርቅ ሸረከትኩት፣
ከራሴም ጣት ጥቂት።

አልተቆጣም። ሊጠቀልልልኝ እጁን ከሽርጡ ኪስ አወጣ፤ ያኔ ነው ያየሁት።
ፋሻው መዳፉ ላይ እንደ ተያዘ ወፍ ተርገበገበ። አይቼ ዝም አልኩት።
አርባ ስድስት ዓመት በሬ የፈታ እጅ አንዲት ቋጠሮ አቃተው፤
እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በጥርሴ፣ ስበን ስበን አሰርነው።
ለካ በአገጩ የሚያዘኝ፣ ሳምንት ሙሉ እጁን ኪሱ ከቶ፣
ኩራት መስሎኝ ነበር፤ ደንበኛ እንዳያይበት ፈርቶ።
ቁርጡን አወቅሁ ያን ጊዜ፣ የኔንም፣ የሱንም።
ተቀጣሪ አልነበርኩም፣ እጅ ነበርኩ። እሱ አልነገረኝም።
እኔም አልጠየቅሁትም።

አራት ሰዓት ላይ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ገባች፣ ባሏ በሚያዝያ የሞተባት፤
"ሁለት ቁራጭ" አለች እንደ ድሮው። አንዱ ለማን ነው ብሎ ደፍሮ ያረማት
እስካሁን የለም።
"እሱ እንደሚቆርጠው ነው ታዲያ" አለች፣ እኔን አልፋ እያየች፣ "በጣት ውፍረት።"
እሱ ወደ ገንዘብ ሳጥኑ ዞረ፤ ሳንቲም መቁጠር ታየው በድንገት።
ቢላዋውን አነሳሁ። በፋሻው ጣቴ ዳበስኩ። ደጁ እዚያው ነበረ።
የመጀመሪያው ወፈረ፤ ሁለተኛው ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ልኩ ላይ አደረ።
ሴትዮዋ ሚዛኑን አፍጥጣ አየች፣ ከፈለች፣ ሳታመሰግን ወጣች።
ሳንቲሙ አሁንም ይቆጠራል።

ማታ፣ የሸረከትኩትን ጭቅና በወረቀት ጠቅልዬ ገባሁ።
"ስጦታ ነው?" አለች እናቴ። "ከደሞዜ ተቆርጧል" አልኳት፤ "እኔም ቆርጫለሁ።"
ጠበሰችው። በላን። የሒሳብ መጽሐፌ ከመደርደሪያው ላይ ያየናል።
"ጅማት ቀርቶበታል" አለች አላምጣ አላምጣ።
እውነቷን ነው። ነገ ይወጣል።