የጉጉፍቱ ምድጃ

ጉጉፍቱ ላይ ውርጩ፣ የባልዲ ውኃ ሲያረጋ፣
ጣቴ መርፌ አልይዝ ሲል፣ ቢመሽም ቢነጋ፣
የሁለት ዓመት እቁብ፣ ፈትቼ ከመሃረብ፣
ይመር አሊጋዝን፣ ጠራሁት ለግንብ፤
«የጡብ ምድጃ ሥራልኝ፣ ጭሱ በጣራ ይውጣ፤
ሙቀቱ ለእኔ ይቅር፣ እንጀራዬን እንዳላጣ።»

ሠራ፤ አሳመረ፤ በኖራ ለቀለቀ፤
ቀሪ ሁለት ሺውን፣ በዚያው ቀን ጠየቀ።
ክብሪቱን ጫርኩና፣ ቤቱ በጭስ ታጠነ፤
መውጫ ብሎ የሠራው፣ መመለሻ ሆነ።

«ነፋሱ ነው» አለ። «ድንጋይህ ነው» አልኩት።
«እንጨትሽ እርጥብ ነው።» ሰብሬ አሳየሁት።
«ብሬን ስጪኝ!» «ጭስህን ውሰድ!»
በሩን ዘጋሁበት።

አበጋር ጦይብ ሰሙ፤ ቆጥረው መቁጠሪያቸውን፣
ምስክር አልጠሩም፣ አልመዘኑም ቃላችንን፤
«ይመር ዛሬ ሌሊት፣ ምድጃው ዘንድ ይደር፤
አንቺ እህትሽ ጋ ሂጂ። ነገ እንነጋገር።»

ጎረቤት ነገረኝ፤ ሲስል፣ ሲስል አደረ፣
ሦስቴ ደጅ ወጥቶ፣ ከውርጩ ጋር መከረ።
ጎሕ ሲቀድ ስደርስ፣ ጣራዬ ላይ ወጥቷል፤
ክንዱን እስከ ትከሻው፣ ጭስ ማውጫው ውጦታል።
ሳበ። ጠቁሮ ወጣ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፤
ዝናብ እንዳይገባ፣ ወትፎ የረሳው ያን ዕለት።
ወደ ታች አየኝና፣ «ነፋሱም...» ብሎ ተወው፤
መሰላሉን ስይዝለት፣ ሳቄ ነው የከበደው።

ሦስት ጡብ ጨመረ። ብሩን ቆጠርኩለት፤
የሁለት ሸክም እንጨት፣ ዋጋ ቀነስኩበት።
አልተከራከረም።

አሁን መርፌው ይሮጣል፣ ጣቴም ይታዘዘኛል፤
ከወረኢሉ ነፋስ በመጣ ቀን ግን፣ ጥቂት ይጨስብኛል።
ያን ቀን ይመር ሲያልፍ፣ ቀና ብሎ ጣራዬን ሲያይ፣
ከደጄ እወጣለሁ፤
ሳሌን ዋጥ አድርጌ፣ «ሞቋል» እለዋለሁ።