ከአንድ ሐይቅ ሁለቴ መቅዳት

ጥር ላይ ዝናብ ጣለ። የበረዶ አካፋዬ
ከበሩ ኋላ ቆሟል፣ ሥራ እንደፈታ ዘበኛ፤
እነ ቱርካ አዲስ ሸክላ ልከዋል በፖስተኛ፣
አሥራ ሦስት ዓመት ዝም ካሉ በኋላ።

ሱቄ ኢሳልሚ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት።
ካርቶኑን ቀደድኩት፦ ያው ጥቁር ጥድ፣ ያው ጉም፣
ያቺው የቆመች ጀልባ፣ ቀዛፊ የሌላት፤
ከድሮዋ ጎን ባቆማት፣ የቷ የቷ እንደሆነች
በዋጋው ወረቀት ብቻ ነው የለየኋት።

መርፌዋን አኖርኩ።
መጀመሪያ ነፋስ፤ ቀጥሎ ሩቅ ከበሮ፣
ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል እሮሮ፤
ደግሞ እንደ ጎርፍ የሚወርድ የጊታር ማዕበል፣
ከሥሩ ራይሞ፣ ቃሉ የማይለይ፣ ጉሮሮው የሚቃጠል።
አራተኛው ደቂቃ ላይ ድንገት ፀጥታ፤
አንዲት ክር ብቻዋን ቀስ ብላ ተመትታ፤
ከዚያ መልሶ ጎርፍ።

አውቀዋለሁ ይህንን።
የት ጋ እንደሚፈጥን፣ የት ጋ እንደሚያዘግም፣
በጨለማ የቤቴን ደረጃ እንደምወጣው
ሳልቆጥር አውቀዋለሁ።

ሔይኖ፣ የባቡር ጠጋኙ፣ ጢሙ ግራሶ የሚሸት፣
ግማሹን ሰማና መልሶ ሰጠኝ።
«ይህንን ገዝቻለሁ» አለኝ፤
«በሃያ ሰባት ዓመቴ፣ ካንተው እጅ።
ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!»
ተማሪዋ ፒንያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳታወልቅ
ትከሻዋን ሰበቀች፤
ያው በገሌ ማለቷ ነው።

እኔም አልተከራከርኩም።
ሱቁን ስዘጋ ሁለት ማጫወቻ ጎን ለጎን አቆምኩ፤
የድሮውን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ፣
ሁለቱን መርፌ በሁለት እጄ ይዤ
ሌባ እንደሚጠብቅ ሰው ትንፋሼን ዋጥኩ፤
ለቀቅኳቸው።

አብረው ሄዱ።
ከበሮ ከከበሮ፣ ቅጽበት ሳያሳልፉ፣
እንደ ሸርታቴ እግሮች ጎን ለጎን ከነፉ።
«አይ ቱርካ!» አልኩ ለባዶው ሱቅ፤
«ራስህን ሰርቀህ፣ ማን ሊከስህ ነው?»

መጨረሻው ላይ ግን፣
ድሮ ሐይቁ የሚናገርበት ቦታ ላይ፣
(ኮርፒያርቪ ነው፤ የካቲት ሌሊት
ማይክራፎን ከበረዶው ሥር ቀብረው
ሲሰነጠቅ ሊሰሙት ያደሩበት፤
ያ ከዳር እስከ ዳር የሚሮጥ ነጎድጓድ፣
ያ ሆድ ዕቃ የሚያንቀጠቅጥ ማቃሰት)
የግራው ጮኸ።
የቀኙ
ጠብ፣
ጠብ።
ሌላ ምንም።

ሸክላው ላይ አቧራ ፈለግሁ። መርፌዋን ጠረግሁ።
እንደገና ጠብ።

ቅዳሜ ቱርካ ራሱ መጣ፣ ጃንጥላ ይዞ፣
ጃንጥላ፣ በዚህ ወር!
ጢሙ ከሽፋኑ ጉም የባሰ ሸብቶ።
ሳልጠይቀው አወጋኝ፦
«ሦስት ክረምት ጠበቅን።
ያው ዜማ፣ ያው ክፍል፣ ያው የዛገ ማጉያ፤
ኦስሞ የጥንቱን ከበሮ ከአጎቱ ጎተራ አወጣ፣
ራይሞ ሲጋራ ጀመረ፣ ያ ድምፁ እንዲመጣ።
አንዲት ኖታ እንዳንለውጥ ተማማልን።
እኛ ካልተንቀሳቀስን
የተንቀሳቀሰው ይታያል ብላ ነው ሲርካ።
እሷም ጥር ሙሉ ከዳሩ ተቀምጣ፣
ገመዱን ወደ ውስጥ ጥላ፣
ያልረጋ ውሃ ቀዳች።»

ቀዳች አለኝ።
ባልዲ ይሁን የያዘችው ወይስ ድምፅ መቅጃ
ለጊዜው ግራ ገባኝ፤
ኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋኝ።

ሰኞ ሔይኖን ጠራሁት።
የመጨረሻውን አራት ደቂቃ ብቻ አሰማሁት።
ሐዲድ ላይ ስንጥቅ እንደሚፈልግ ሰው
ጆሮውን አዘነበለ፤ ቆየ፤
ደጁ ላይ ዝናቡ ከሸክላው ጋር ተደባለቀ።
«ተበላሽቷል?» አለኝ።
«አዎ» አልኩት።

ኪሱን ዳበሰ፣ የረጠበ ብር አወጣና
ገዛው።