የሚላክ ጉርሻ

መጀመሪያ ተበተነ።
ከሱቅ ያመጣሁት ረጅሙ ነጭ ሩዝ
ስጨብጠው ሾለከ፣ በጣቶቼ መሐል ፈሰሰ፤
ውርስ እንደሚካፈል ዘመድ
አንዱ ካንዱ ሸሽቶ በየጥጉ ደረሰ።

ሁለተኛው ገንፎ ወጣው።
መሰሉ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያሰረች
«ለባጃጅህ ጎማ መለጠፊያ ይሆናል» አለች፤
ሰርቪሱ ጡሩንባውን ሲነፋ ሳትቀምስ ወጣች።

ይኸው አራት ወራችን።
እሷ ሌሊቱን ፓርኩ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች፤
እኔ ቀኑን ከአቶቴ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አሞራ ገደል።
ባንድ አልጋ በፈረቃ እንተኛለን፣
ትራሱ ሳይበርድ እንቀያየራለን፣
እንደ ሁለት ዘበኛ በር ላይ ቁልፍ እንቀባበላለን።
እራቷን በደረቅ ዳቦ ታልፈዋለች።
ማን ያጉርሳት? ክንዴ እዚያ ድረስ አይረዝም።

ቺካኮ ነበር ስሟ።
ስድስተኛ ክፍል፣ ታቦር ሥር፣ ስፖርት ያስተማረችን።
«ጭቃ ኮ!» እያልን ስንንከተከት
ትርጉሙ የገባት ቀን ከሁላችን በላይ ሳቀች።
አንድ ክረምት ሜዳው የእውነት ጭቃ ሲሆን
በረንዳ ላይ ሰብስባ ድስት ከፈተችልን።
«እጅ ይርጠብ። ጨው ይንካ።
አትጨፍልቁት፣ ደግሞም አትልቀቁት፤
ጫጩት እንደ ያዘ ሰው ያዙት» ብላ፣
አንዱን መዳፍ ጣሪያ፣ አንዱን መሠረት አድርጋ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አዞረች፤
ሦስት ጠርዝ ያላት ትንሽ ተራራ አወጣች።
ኦኒጊሪ አለችው።
እኔ ያን ጊዜ ስሙን ሳይሆን ሙቀቱን ያዝኩ።

ሙደሲር ባለሱቁ በግርምት አየኝ፦
«የሚጣበቅ ሩዝ? ሰው ሁሉ የማይጣበቅ ነው የሚለኝ!»
ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ ጆንያ ጎተተ፣
አጭሩን፣ ድብልብሉን፣ ፈላጊ ያጣውን የፎገራ ሩዝ።
ከአሞራ ገደል አንድ ቆሮሶ፤
እሾሁን ለቅሜ በሎሚና በሚጥሚጣ አሸሁት።
እሷ የጠቀለለችበት ጥቁር የባሕር ቅጠል ነበር፤
የኛ ሐይቅ ያንን አያበቅል።
ጎረቤቴ ዱካሌ ከጓሮዋ ኮባ ቆርጣ
«እሳት ላይ ለብ አድርገው፣ አለዚያ ይሰነጠቃል» አለች፤
ደግሞ ዞር ብላ «ዋሳ እያለ!» ስትል ሰማኋት።

እጄን አረጠብኩ። ጨው ነካሁ።
ትኩስ ነው፣ ያቃጥላል፤ ሲበርድ ደግሞ እንቢ ይላል።
በመሐሉ ያለችውን ቅጽበት ፈልጌ ጨበጥኩ፤
ሳላጠብቅ። ሳለቅም።
አልተበተነም።
ቀና አድርጌ በአምፖሉ ብርሃን ባየው
የመዳፌ መስመር ላዩ ላይ ቀርቷል፣
የቤንዚን ካናቴራ ከፍቼ የቆረጥኩት ጣቴ ጠባሳ ሳይቀር።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና
ሁለት አደረግኩ።
ሰርቪሱ ሲጮህ በመስኮት አቀበልኳት፤
ጓደኞቿ ሳቁ። እሷ ኮባውን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

ሲነጋ በሩ ተከፈተ።
ዓይኗ ቀልቷል፣ ሰማያዊ ክር ፀጉሯ ላይ ተንጠልጥሏል።
ቁልፍ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ፤
ኮባውን አስቀመጠችበት፣ እንደ ነበረው ታጥፎ።
ፈታሁት።
ግማሽ ተራራ።
ባንድ ወገን የእኔ መዳፍ፣ በሌላው የእሷ ጥርስ።
«ጨው በዝቶበታል» አለችና
ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች።

ባጃጇን አስነሳሁ። ሞተሩ እስኪሞቅ
ቀዝቃዛውን ሩዝ ባንዴ ጎረስኩት።
አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ «አቶቴ ነህ?» አለኝ።
አፌ ሙሉ ነበር፤
በራሴ ነቀነቅኩለት።